ዛፍና ሐረግ፦ ነገርን በቅርንጫፍ የመሳል ታሪክ

ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። በእኛ ቤተሰብ ይህን ሥራ የያዙት የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ይቀመጡና የግራ እጃቸውን የጣት አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ይጀምራሉ፦ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ። ወረቀት አይዙም። የወንዱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ ሴቷ ወገን ይሻገራሉ። በሁለቱም በኩል አንድ ስም ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ለመሳል ሞከርኩ። ከታች አንድ ሰው፣ ከእሱ በላይ ሁለት ወላጆች፣ ከእነሱ በላይ አራት አያቶች። ከታችኛው ሰው በላይ አምስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ሠላሳ ሁለት ሳጥን መሳል ነበረብኝና ወረቀቱ ጠበበኝ። እሳቸው ግን ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ወረቀት ያልበቃውን ነገር በጣት አንጓ ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የዛፍ ንድፍ ከየት መጣ፣ እነማን ሳሉት፣ ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሸሽጋል የሚለው ጥያቄ የያዘኝ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛፍ ንድፍ ሲባል ዛፍ የሚመስል ሥዕል ማለት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለው። አንድ መነሻ አለው፤ ሥር እንበለው። ከሥሩ በቀር እያንዳንዱ ነጥብ የሚንጠለጠልበት አንድ የበላይ አለው፤ ከአንድ አይበልጥም፣ ከአንድም አያንስም። አንዴ የተለያዩ ቅርንጫፎች ተመልሰው አይገናኙም። የአስተዳደር እርከንን አስቡ። ቀበሌው በአንድ ወረዳ ሥር ነው፣ ወረዳው በአንድ ዞን፣ ዞኑ በአንድ ክልል። አንድ ቀበሌ በሁለት ወረዳ ሥር ይሁን ቢባል ግብሩ የት እንደሚከፈል፣ መታወቂያው ከየት እንደሚወጣ ግራ ይገባል። በዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት የለም፤ ከማንኛውም ነጥብ ወደ ማንኛውም ነጥብ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው። የንድፉ ኃይል ይኸው ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል፤ ንድፉን የሚስል ሰው፣ ሳይናገረውም ቢሆን፣ «እዚህ ያለው ነገር ሁሉ አንድ አንድ ወላጅ ብቻ አለው» ብሎ መስክሯል። ምስክርነቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። የሚቀጥለው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ምስክርነት ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን ወደ ጠበበኝ ወረቀት ልመለስ። መፍትሔው ሥዕሉን ትቶ ቁጥር መያዝ ነበር። ሚካኤል አይትሲንገር የተባለ ኦስትሪያዊ የታሪክ ጸሐፊ በ1590 በኮሎኝ ከተማ ባሳተመው የመሳፍንት የትውልድ መጽሐፍ ላይ የተጠቀመበት ዘዴ እንዲህ ነው። ራስዎን 1 ይበሉ፤ እዚህ የዛፉ ሥር እርስዎ ነዎት፣ ወላጆችም ከእርስዎ ይንጠለጠላሉ። አባትዎ 2፣ እናትዎ 3 ናቸው። ከዚያ በኋላ ሕጉ አይለወጥም፦ የማንኛውም ሰው አባት ቁጥር የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ የእናቱ ቁጥር ደግሞ እጥፉ ሲደመር አንድ። የአባት አባት 4፣ የአባት እናት 5፣ የእናት አባት 6፣ የእናት እናት 7 ይሆናሉ። ቁጥር 13 ማን ናቸው? ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ሴት ናቸው። አንድ ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል 6 ይመጣል፤ 6 የእናት አባት ናቸው። ስለዚህ 13 የእናትዎ አባት እናት ናቸው። አንድም መስመር ሳይሰመር ዛፉ በሙሉ በቁጥሮቹ ውስጥ ተቀምጧል። በ1964 ዊልያምስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ መረጃን በቅደም ተከተል ለመደርደር ያቀረበው ዘዴም በዚሁ የእጥፍና የእጥፍ ሲደመር አንድ ሕግ ነው የሚሠራው፤ ዛሬም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ አለ።

በዚህ አቆጣጠር ሰባተኛው ረድፍ ላይ 128 ሰዎች ይሰለፋሉ። እዚህ ላይ ነው የአጎቴ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ። የሰባት ቤት ደንብ በሚገባ ከተጠበቀ፣ እነዚያ 128 ሳጥኖች 128 የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ አይገኝም፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ አይጋጠምም። ደንቡ ባይኖር፣ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ቢጋባ፣ የልጃቸው ቅድመ አያቶች ስምንት መሆናቸው ይቀርና ስድስት ይሆናሉ። ንድፉ ዛፍ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ሽማግሌው ጣታቸውን እየነኩ የሚጠብቁት የዛፉን ሕግ ራሱን ነው። አቆጣጠሩ ከአገር አገር፣ ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ይለያያል፤ የሚጠብቀው ነገር ግን አንድ ነው።

ከሰባት በላይ ብንቀጥልስ? ሠላሳኛው ረድፍ ላይ የሳጥኖቹ ቁጥር 1,073,741,824 ይደርሳል። አንዱን ትውልድ በ25 ዓመት ብናሰላው ይህ ከዛሬ 750 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን አካባቢ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረው ሕዝብ በሙሉ የዚህን ቁጥር ግማሽ አይሞላም። ለአንድ ሰው ብቻ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቅድመ አያቶች ሊኖሩ አይችሉም፤ እነዚያው ሰዎች ደጋግመው በተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ በደስታ ስነግራቸው ቀና ብለው አይተውኝ፣ «ከሰባት በላይማ ሁላችንም ዘመድ ነን» አሉኝ። እኔ በሒሳብ የደረስኩበትን እሳቸው ቀድሞውንም ያውቁት ነበር።

ሰባት ቤት የመቁጠሩ ጭንቀት የእኛ ብቻ አልነበረም። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን እስከ ሰባተኛ ደረጃ የሚደርስ የሥጋ ዝምድናን ለጋብቻ ትከለክል ነበር፤ በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ነው ወደ አራት ዝቅ ያደረገው። ቀሳውስቱ ዝምድናን የሚቆጥሩት በብራና ላይ በተሳለ ሰንጠረዥ ነበር። የሴቪያው ኢሲዶር በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያሉ የዝምድና ንድፎች አሉ። ብዙዎቹ የጥንት ንድፎች ቅጠልም ግንድም የላቸውም፤ በደረጃ የተደረደሩ ሳጥኖች ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ሰንጠረዡን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዞ ይታያል። «ዛፍ» የሚለው ስም ግን ተጣብቆባቸው ቆየና በኋላ ሠዓሊዎች ስሙን አምነው ግንድና ቅጠል ጨመሩበት። ከዚያ ቀደም ብሎም ሮማዊው ፕሊኒ የአገሩ ታላላቅ ቤተሰቦች በቤታቸው የአባቶቻቸውን ምስል በመስመር አያይዘው ይስሉ እንደነበር ጽፎ አልፏል።

ከላይ ወደ ታች ወይስ ከታች ወደ ላይ? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በሕጉ ሰንጠረዥ ላይ አያቶች ከላይ፣ ልጆች ከታች ናቸው፤ ዝርያ ከላይ ይወርዳልና። በቤተ ክርስቲያን መስኮቶችና ብራናዎች ላይ ግን ሌላ ዛፍ በቀለ። «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል፥ ከሥሩም ቍጥቋጥ ያፈራል» የሚለው የኢሳይያስ ትንቢት በሥዕል ሲገለጥ፣ እሴይ ከታች ተጋድሞ ተኝቷል፤ ከጎኑ ግንድ ይወጣል፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ነገሥታት ተቀምጠዋል፤ ከላይ እመቤታችን፣ ከሁሉ በላይ ጌታ። በ1086 ገደማ በቦሄሚያ የተዘጋጀው የቪሸህራድ ወንጌል የዚህን ሥዕል ቀደምት ምሳሌ ይዟል፤ በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል በ1150 ገደማ የተሠራው ባለ ቀለም መስኮት ደግሞ ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ያበራል። እዚህ ዛፉ ወደ ላይ የሚያድገው የትውልዱ ክብር መጨረሻው ላይ ስለሆነ ነው። የንድፍ አቅጣጫ የሠዓሊውን እምነት ይናገራል፤ ይህን ልብ ብንል በኋላ የሚመጣውን ብዙ ነገር እንረዳለን።

ዛፍ ከሰው ትውልድ ወጥቶ ወደ ሐሳብ የገባው በፖርፊሪ ስም ነው። ፖርፊሪ በሦስተኛው መቶ ዓመት በጢሮስ፣ በዛሬዋ ሊባኖስ፣ የተወለደ ፈላስፋ ነው። የአርስጣጣሊስን አመዳደብ ለጀማሪ ለማስረዳት ነገርን ሁሉ ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ይወርዳል። ያለው ነገር አካል ያለው ነው ወይስ የሌለው? አካል ያለው ሕይወት አለው ወይስ የለውም? ሕይወት ያለው ስሜት አለው ወይስ የለውም? ስሜት ያለው ያስባል ወይስ አያስብም? እንዲህ እየተባለ መጨረሻ ላይ ሰው ዘንድ ይደረሳል፤ ከሰው ሥር ሶቅራጥስና ፕላቶን። ፖርፊሪ የጻፈው በቃል ነው፤ ዛፍ አድርገው የሳሉት ከእሱ በኋላ የመጡት አንባቢዎቹ ናቸው። ሥዕሉም ለብዙ መቶ ዓመታት የሥነ አመክንዮ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሆነ። በ1295 እና በ1296 የማዮርካው ራሞን ሉል እውቀትን ሁሉ በአሥራ ስድስት ዛፎች ከፍሎ ጻፈ፤ ከሥር እስከ ፍሬ ለእያንዳንዱ ክፍል ትርጉም ሰጠው።

ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን በ1751 በፓሪስ መታተም የጀመረው የዲደሮና የዳላምቤር ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። መጽሐፉ የተደረደረው በፊደል ተራ ነው፤ በፊደል ተራ ደግሞ ጎረቤት የሆኑ ነገሮች ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ አዘጋጆቹ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የሰው ልጅ እውቀት ሁሉ የሚታይበት ሰንጠረዥ አስገቡ። ሥሩ የሰው አእምሮ ነው፤ ከእሱ ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል፦ ትውስታ፣ አስተውሎትና ምናብ። ታሪክ ከትውስታ፣ ፍልስፍናና ሳይንስ ከአስተውሎት፣ ግጥም ከምናብ ይበቅላሉ። ነገረ መለኮትን ያስቀመጡት በአስተውሎት ሥር፣ ከሟርትና ከጥንቆላ ብዙም ሳይርቅ ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ይህ ከባድ ድፍረት ነው፤ በረጅም ድርሰት ቢጻፍ ሳንሱር ሊያስቆመው የሚችል ሐሳብ በአንድ ቅርንጫፍ አቀማመጥ ተነገረ። ያም ሆኖ ዳላምቤር ሐቀኛ ነበር። የዓለም ካርታ በብዙ ዓይነት ዘዴ ሊሳል እንደሚችል ሁሉ የእውቀትም ዛፍ እንደ ሠዓሊው አቋም ብዙ መልክ ሊኖረው እንደሚችል በመግቢያው ላይ አስረድቷል። ዛፍ የሳለ ሰው ሁሉ ይህን ቢል ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንስ ነበር።

አሁን ወደ 1837። ቻርልስ ዳርዊን ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፤ ከረጅሙ የመርከብ ጉዞው ከተመለሰ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በአንዲት ትንሽ የቆዳ ማስታወሻ ደብተር ገጽ 36 ላይ «ይመስለኛል» ብሎ ይጀምርና ቃል ያቋርጣል፤ ከሥሩ የተቆራረጠች፣ የምትንቀጠቀጥ የመሰለች ትንሽ ቁጥቋጦ ይስላል። ሥሯ ላይ 1 ተጽፏል፤ ከአንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አግድም ሰረዝ አለ፣ እነዚያ በሕይወት ያሉ ዝርያዎች ናቸው፤ ሰረዝ የሌላቸው የጠፉ ናቸው። (ይህች ደብተር ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጠፍታ ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ፣ በመጋቢት 2022 ማን እንዳስቀመጣት ሳይታወቅ በሮዝ የስጦታ ከረጢት ውስጥ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተገኝታለች።) በዚያው ደብተር ላይ ዳርዊን የሕይወት ዛፍ ከሚባል ይልቅ የሕይወት ዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል፣ ቢባል ሳይሻል አይቀርም ብሎ ጽፏል። የኮራል የታችኛው ክፍል የሞተ ነው፤ በሕይወት ያለው ጫፉ ብቻ ነው። የጥንት ዝርያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ዛሬ ልንነካቸው አንችልም።

በ1859 በታተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይህ ንድፍ ነው፣ በመስመርና በነጥብ ብቻ የተሠራ። ከታች አሥራ አንድ ዝርያዎች ይነሳሉ። መስመሮቹ ወደ ላይ እየወጡ ይበተናሉ፣ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቋረጣሉ። አናቱ ላይ አሥራ አምስት ዝርያዎች ይደርሳሉ፤ ስምንቱ የአንድ ዝርያ ልጆች፣ ስድስቱ የሌላ፣ አንዱ ደግሞ ከታች እስከ ላይ ሳይበተን የመጣ ነው። ስም የላቸውም፣ ፊደል ብቻ ነው የተሰጣቸው። ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ዘውድ የለም፤ አናት ላይ የደረሱት ሁሉ እኩል ናቸው።

ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ይህን እኩልነት አልወደደውም ወይም አላየውም። በ1874 የሳለው የሰው ልጅ የትውልድ ዛፍ ወፍራም ግንድ ያለው፣ ቅርፊቱ ሳይቀር የተሳለ ዋርካ መሳይ ነው። ከግንዱ ሥር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ ከፍ ሲል ትላትል፣ ዓሣ፣ እያለ አናቱ ላይ ሰው ተቀምጧል። ሥዕሉ ያምራል። ነገር ግን ሌላው ፍጥረት ሁሉ ወደ ሰው ለመድረስ ሲሞክር መንገድ ላይ የቀረ አስመስሎታል። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል በሰው አእምሮ ውስጥ የጸናው በቃል ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ሥዕልም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ንድፍ እንዴት ማንበብ እንዳለብን ቀስ ብለን እንየው። በወረቀት ላይ ሰው፣ ቺምፓንዚና ጎሪላ ተሰልፈዋል እንበል። ሰውና ቺምፓንዚ መጀመሪያ አንድ አንጓ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከጎሪላ ጋር ይገናኛሉ። ዝምድናን የሚነግረን ያ አንጓ እንጂ በጫፉ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተሳለ አይደለም። ሰውንና ቺምፓንዚን ቦታ ብናለዋውጣቸው፣ ቺምፓንዚ መሐል ቢሆን ወይም ሰው መሐል ቢሆን፣ ንድፉ የሚናገረው አንድ ነው፤ በአንጓው ላይ እንደሚሽከረከር መጫወቻ ነው። አንጓው ደግሞ ቺምፓንዚ አይደለም፤ ሰውም አይደለም። ከስድስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ፣ ዛሬ የሌለ፣ የሁለቱም አያት ነው። ቺምፓንዚ የእኛ አባት ሳይሆን የአጎት ልጅ ነው።

ድንቅነሽንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላት ድንቅነሽ አያታችን ናት ወይስ አክስታችን? ብዙ ተመራማሪዎች የእሷ ዝርያ ለእኛ ወገን መነሻ ሊሆን እንደሚችል ያምናሉ፤ ሌሎች አይስማሙም። አጥንት ግን «እኔ የእገሌ እናት ነኝ» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠዓሊ ድንቅነሽን የሚያስቀምጣት ግንዱ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ጥቂት ወጣ ባለች አጭር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ያቺ አጭር መስመር ክብር መንፈግ አይደለችም፤ ከምናውቀው በላይ ላለመናገር የተሰመረች ናት።

ቋንቋም የራሱን ዛፍ ያገኘው በዚያው ዘመን ነው፤ እንዲያውም ከዳርዊን መጽሐፍ ቀድሞ። አውጉስት ሽላይኸር በ1853 የአውሮፓንና የሕንድን ቋንቋዎች ዝምድና በዛፍ ገለጠ። ዘዴው ወደ ሴማውያን ቋንቋዎች ሲደርስ ለእኛ በጣም የሚቀርብ ጥያቄ ይነሳል። ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው ብለን ስንቶቻችን ተምረናል? ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 ባወጣው ምደባ ግን ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ቅርንጫፍ ነው ያለው፤ አማርኛ ከአርጎብኛ ጋር በደቡቡ ቅርንጫፍ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ወገን። በዚህ ዛፍ ላይ ግዕዝ ለአማርኛ እናት ሳይሆን አክስት ነው፤ እንደ ድንቅነሽ ያለ ጥያቄ ማለት ነው። ይህ ግዕዝን አያሳንሰውም፤ አማርኛ ከግዕዝ የወሰደው ፊደል፣ የሃይማኖት ቃል፣ የሕግ ቃል፣ የቅኔ ቃል ስፍር ቁጥር የለውም።

ግን ይህ ሁሉ ውርስ በዛፉ ላይ የት አለ? የለም። የዛፍ ሕግ አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አሁን ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። በግዕዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» እንላለን፤ ግሡ መጀመሪያ ነው። በአማርኛ «ሰውየው ዳቦ በላ» እንላለን፤ ግሡ መጨረሻ ነው። ብዙ የቋንቋ ምሁራን ይህ የአማርኛ አቀማመጥ ከአገውኛና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ በመኖር የመጣ ነው ይላሉ። ጎረቤት፣ ሞግዚት፣ የአገው እናት ለልጇ የተናገረችው አማርኛ፣ ይህ ሁሉ በየቀኑ በምንናገረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ ቅርንጫፍ ግን አልተሰጠውም። የሽላይኸር ተማሪ የነበረው ዮሃንስ ሽሚት ይህን ጉድለት አይቶ በ1872 ሌላ ምሳሌ አቀረበ፦ የቋንቋ ለውጥ ውኃ ላይ ድንጋይ ሲጣል እንደሚሰፋ ሞገድ ነው፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል አለ። ዛሬ ምሁራኑ ሁለቱንም ይይዛሉ። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አማርኛን በሞገድ መሳል እመርጣለሁ።

ዛፍ ያለምንም ክርክር የሚሠራበት ቦታም አለ፤ ሰው ራሱ የሠራው ሥርዓት። በ1855 የኒውዮርክና ኢሪ ባቡር ድርጅት ዋና ኃላፊ የነበረው ዳንኤል ማካለም የመሥሪያ ቤቱን አደረጃጀት አስነደፈ፤ በእጅ የሣለው መሐንዲሱ ጆርጅ ሄንሾ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው ዘመናዊ የድርጅት መዋቅር ንድፍ ይሉታል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር መስመር አንድ ሰው በዓይኑ እያየ ሊያስተዳድረው ይችላል፤ የኢሪ መስመር ግን ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ማን ለማን እንደሚያስረዳ፣ ባቡር ሲዘገይ ወሬው በየትኛው መስመር እንደሚመጣ መታወቅ ነበረበት። የንድፉ ውበት አቅጣጫው ላይ ነው፤ ፕሬዚዳንቱና የሥራ አመራር ቦርዱ ከታች፣ በሥሩ ቦታ ናቸው፤ ሠራተኞቹ፣ ጣቢያዎቹ፣ ባቡሮቹ እንደ ቅጠልና ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይሰራጫሉ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምናየው መዋቅር ተገልብጧል፤ አለቃ ከላይ፣ ሠራተኛ ከታች። የመስመሮቹ ግንኙነት ያው ነው፤ ቆሞ የሚያየው ሠራተኛ የሚሰማው ግን ያው አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ እንግሊዛዊው አርተር ኬይሊ «ዛፍ» የሚለውን ቃል ለሒሳብ ሰጠው፤ በኋላም ካርቦንና ሃይድሮጅን በስንት ዓይነት ሊያያዙ እንደሚችሉ ለመቁጠር ተጠቀመበት። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1965 ሮበርት ዴሊና ፒተር ኑማን መልቲክስ ለተባለው ሥርዓት ያቀረቡት የፋይል አቀማመጥ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ መነሻው ሥር። የአማርኛ ስም አጻጻፋችንም የዚህ መንገድ ዘመድ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ስንጽፍ ከቅጠል ወደ ግንድ ሦስት አንጓ እንወጣለን፤ ኮምፒውተሩ የፋይል አድራሻ ሲጽፍ ከግንድ ወደ ቅጠል ይወርዳል። በስማችን ውስጥ ግን የእናት ወገን የለም። አጎቴ ዘር ሲቆጥሩ «እገሊት» የሚሉትን ሁሉ መታወቂያ ወረቀት አይይዝም።

ፋይሉ ሲበዛ የኮምፒውተር ማያም እንደ እኔ ወረቀት ይጠብባል። በ1990 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቤን ሽናይደርማን ይህ ገጠመው። አሥራ አራት ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞልቶ ነበር፤ ቦታውን ማን እንደያዘው ማወቅ አስፈለገ። በመስመር ቢሳል ከማያው ያልፋል። እሱ መስመሩን ትቶ ማያውን በሙሉ እንደ አንድ መሬት ቆጠረው። መሬቱን በቁመት ለአሥራ አራቱ በድርሻቸው መጠን ሸነሸነው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ በአግድም ለፎልደሮቹ፤ የፎልደሩን እንደገና በቁመት ለፋይሎቹ። ትልቅ ፋይል ትልቅ አራት ማዕዘን ነው፤ በአንድ እይታ ይታያል። ከስምንት ዓመት በኋላ ማርቲን ዋተንበርግ በዚሁ ዘዴ የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ በአረንጓዴና በቀይ መደብ ሳለው።

ይህን ዘዴ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ የታየኝ የርስት ማሳ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ሰው መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በአባትም ሆነ በእናት በኩል ቆጥሮ ነበር። የዘር ቆጠራው ዛፍ ነው፤ ማሳው ደግሞ ያ ዛፍ መሬት ላይ ተነጥፎ ነው። ወሰኑን የሚያሳየው ድንጋይ የአንድ አንጓ ምልክት ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የሚገናኙ ቅርንጫፎች። በ1967 ሊን ማርጉሊስ፣ ለሕዋሳችን ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ እንደነበር በጽሑፍ ተከራከረች፤ ዛሬ ተቀባይነት ያገኘ ነው። ይህ ማለት በሕይወት ዛፍ ላይ በጣም የተራራቁ ሁለት ቅርንጫፎች አንድ ሆነው እኛን አበቀሉ። ባክቴሪያዎች ደግሞ ከወላጅ ብቻ አይወርሱም፤ ከማይዛመዱት ጎረቤት ጂን ይቀበላሉ። መድኃኒት የመቋቋም ችሎታ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው በፍጥነት የሚዛመተው ለዚህ ነው። በ1999 ፎርድ ዱሊትል ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል ሲያሳይ ከታች ያለው ግንድ አንድ መሆኑ ቀርቶ ብዙ መስመሮች ወጥተው፣ ተጣምረው፣ ተሻግረው፣ እንደገና ተለያይተው ወደ ላይ ሄዱ።

እኛ ትውልድን ለመጥራት «የዘር ዛፍ» አንልም፤ «የዘር ሐረግ» ነው የምንለው። ሐረግ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በሌላው ላይ ይጠመጠማል፣ ዞሮ ራሱን ያገኛል። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚሳለው ጌጥም ሐረግ ነው የሚባለው። ባለፈው ዓመት ያን የጠበበኝን ወረቀት አውጥቼ፣ ሌሎች ወረቀቶች ከላይ እየቀጠልኩ፣ ከአጎቴ የጻፍኳቸውን ስሞች እስከሚያልቁበት ድረስ ሞላሁ። ከሰባተኛው ረድፍ በላይ፣ ዘጠነኛው ላይ፣ በአባቴም በእናቴም በኩል አንድ ሰው መጡ። ስማቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩና ሁለቱን መስመሮች ጠምዝዤ እሳቸው ላይ አገናኘኋቸው።